በጉያዬ ያሻገርኩት ፊት

ልጄ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትሠራ ነበር። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ የሠርግ ካርድ፣ አንዳንዴም የመጽሐፍ ሽፋን። ሽፋኑን በኮምፒውተር አዘጋጅታ አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ትልካለች። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ኮምፒውተር አልነካም። ግን በዚያ የማስተር ፕላን ግርግር ጊዜ ብቻዋን ልተዋት አንጀቴ አልችል ስላለኝ፣ ጠዋት አብሬያት ወጥቼ በሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ፉጨት ከበዛ፣ ሚኒባሶቹ ድንገት ከመንገዱ ከጠፉ፣ የጎማ ጭስ ከሸተተኝ፣ "ዝጊው!" እላታለሁ።

"እማዬ፣ ያንቺ ጆሮ ከሬዲዮ ይቀድማል" እያለች የብረቱን በር ትስበዋለች።

ያንን በር የበየደው የጎረቤቴ ልጅ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከእናቱ ጋር አጥር እንጋራለን። ለቅሶው ላይ ስትወድቅና ስትነሳ ደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እንደነበረ ግን አላየሁም።

አርባው ሳይወጣ አንድ ሰው ወደ ልጄ ሱቅ መምጣት ጀመረ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ዓይነት ነው። ስለ ግርግሩ መጽሐፍ ጽፌያለሁ አለ። ለየትኛው ወገን እንደጻፈ አልጠየቅኩትም፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። የማስታውሰው አንድ ነገር ሲደጋግም ነው።

"ትኩሱን ካላወጣሁት ይቀዘቅዝብኛል።"

ስለ ወጥ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ሽፋኑ ሲያልቅ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር በፍላሽ ማድረስ ግድ ሆነ። መንገድ ላይ ወጣቶችን ይፈትሻሉ። ልጄ ፍላሽ ይዛ ብትገኝ ምን ይሏታል ብዬ ፈራሁና "እኔ እወስደዋለሁ" አልኳት። እንደ እኔ ያለችውን ማን ይፈትሻል? በመሀረብ ጠቅልዬ ጉያዬ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ማተሚያ ቤት ያለው ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነው። ፍላሹን ከፍቶ ጥቂት አየና ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ ይሄ ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ ነው። በስልክ ያምራል፣ ለኅትመት ግን አይሆንም። ይዩት።"

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። እንደ ባኞ ቤት ንጣፍ የተደረደሩ አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ። ከዚያ እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሲሄድ አራት ማዕዘኖቹ ተሰበሰቡና ፊት ሆኑ። ጎረቤቴ ናት። አፏ ተከፍቷል፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። የመጽሐፉ የፊትና የኋላ ሽፋን በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርግተው ነበርና፣ ደረቷን ልትመታ የዘረጋችው እጇ ተሻግሮ በኋላው ሽፋን ላይ አርፏል። እጇ ላይ ነጭ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ ዋጋው ተጽፏል።

ይህንን ነው በጉያዬ ይዤ የመጣሁት። ስመለስ ታክሲው ውስጥ ደረቴን በመሀረቡ ደጋግሜ ጠረግኩ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም።

ሱቅ ስደርስ ሰውዬው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ልጄ ፊቴን አይታ አቀረቀረች። ማተሚያ ቤቱ ያለውን ነገርኩት።

"እንግዲያው እንደገና እናነሳታለን" አለ። "ጥሩ ካሜራ አመጣለሁ። ጎረቤትዎ ናት አሉኝ፣ እርስዎ ያስገቡኛል።"

"ሐዘንተኛ ናት እኮ።"

"እሱንማ ነው የምፈልገው! እንባዋ ደርቆ ከሆነ ደግሞ የልጇን ፎቶ እናሳያታለን።" ወደ ልጄ ዞረ። "አሁን ደግሞ ያ ጥለት አንገቷ ላይ ባይሆን ደስ ይለኛል። ርዕሱን ይረብሸዋል። ነጠላዋን እንደ ሰው ትልበስ።"

አፌ መረረኝ። ልተፋ ፈለግኩ፤ ግን ፈራሁ። በዚያ ዘመን አንድ ክፉ ምላስ ቤት ያፈርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለችኝ ይህቺው አንዲት ልጅ ናት። "ጠይቄያት እነግርዎታለሁ" ብዬ ዋጥኩት። እሱ ሲወጣ ልጄ "እንዳትረበሺ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ" አለች።

ለጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ነገርኳት። ሰምታኝ ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ግን ሰውዬው ልጄ አጠገብ ተቀምጦ ፎቶውን ሲያስተካክል፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩ ላይ ቆመች። ልጄ ደንግጣ "አካም ጅርቱ" ብላ ሰላምታ እየሰጠች ብድግ አለች።

እሱ ዞር ብሎ አያትና፣ "እማማ፣ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ትንሽ ይጠብቁ። ሥራ ላይ ነን" አላት።

ፊቷን ስንት ቀን ሲያጠቁረውና ሲያፈካው ሰንብቶ አላወቃትም።

"ማናት ይህቺ?" አለችው ስክሪኑን እያየች።

"የሟች እናት ናት። የሁሉም እናት ይበሏት። ሰበታም ይሁን ሱሉልታ፣ እንደዚህች ያለች ሞልታለች።"

"ልጇ ስሙ ማን ነበር?"

"ኧረ እማማ! ስሙ ለሽፋን ምን ያደርጋል?"

ጎረቤቴ ወደ ልጄ ዞረች። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አጥፊልኝ።"

ይሄኔ እሷንና ስክሪኑን አፈራርቆ አየ። ያፍራል፣ ያቀረቅራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ከቦርሳው ካሜራ መዘዘ።

"ራስዎ መጡልኝ እንዴ! እዚያው ይሁኑ፣ ከበሩ አይንቀሳቀሱ። ብርሃኑ ግሩም ነው።"

ልጇ በበየደው በር ላይ።

ከወንበሬ ተነሳሁና "ዝጊው!" ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ለዚህች ቃል አታመነታም። ዘልላ በሩን ያዘች።

"ምንድን ነው? መጡ እንዴ?" ሰውዬው ካሜራውን ደረቱ ላይ አጣበቀ።

"መንገዱ ሳይዘጋ ይውጡ! ይሩጡ!" አልኩት።

ሮጠ። ውጪ ፀሐይ ነው፤ አንዲት አህያ ታልፋለች፤ ሊስትሮው ጫማ ይጠርጋል። ጎረቤቴ የሆነው ሲገባት ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ፤ ወዲያው ግን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልጄ ፎቶውን እሷ እያየች አጠፋችው። ጎረቤቴ የበሩን ብረት በመዳፏ ዳሰሰችውና ወጣች።

ግን ፎቶው ከሰውዬው ስልክ አልጠፋም። ይህን ስለማውቅ ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮችን አያለሁ። አንድ ቀን አገኘሁት። ርዕሱን ማተሚያ ቤት ስክሪኑ ላይ አይቼው ስለነበር አወቅኩት። ፊቱ ግን የእሷ አይደለም። ተመስገን አልኩ። ከዚያ አተኩሬ አየሁ። ፎቶው የጠራ ነው፣ እያንዳንዱ እንባ ይታያል። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ነጠላዋ ግን አልተዘቀዘቀም። ጥለቱ እንደ በዓል ቀን ወደ ታች ወርዷል። አልቅሺ ተብላ የቆመች ናት።

"ይግዙ እናቴ፣ እውነተኛ ታሪክ ነው" አለኝ ሻጩ።

ሽፋኑን እንዳላይ በግንባሩ ደፋሁት። ከኋላው ሴትዮዋ እንደ ጎረቤቴ የዘረጋችው እጅ፣ እጇም ላይ ዋጋው ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ታክሲው ሄድኩ።