ሙሽራው የተፈረደበት ቀን

ሰዓት ሠሪው ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሰዓት ከቆመ ወይ ጥርሱ ተበልቷል፣ ወይ አቧራ ገብቶበታል፤ እንዲያው ዝም ብሎ የሚቆም ሰዓት አላጋጠመውም። ሳሎኑ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር በሽቦ ቤት የሚኖሩት ሁለት ትናንሽ በቀቀኖች ግን እምነቱን እየተፈታተኑት ነው።

ሴቷ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች። እሱ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ያይና «ባዶ ነው፤ ዘር የለውም» ይላል። በከንቱ ከምትደክም ብሎ ያነሣባታል፤ ሚስቱም አውጥታ ከጽጌረዳዋ ሥር ትቀብረዋለች። ወፏ እንደገና ትጥላለች። እንደገና ባዶ።

ያልሞከረው የለም። መቆሚያው እንጨት ሲወዛወዝ ወንዱን እያንሸራተተው ይሆናል ብሎ ግራና ቀኙን አጠበቀው። ጥሬ ብቻ አቅም ይነሣል ሲሉት ቅጠላ ቅጠል ጨመረላቸው። የሽቦ ቤቱን ከሬዲዮው ጩኸት አራቀው። በመጨረሻ ሰበብ አለቀበትና ጣቱ ወንዱ ላይ አረፈ። ይህ ወፍ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን የሚውል፣ ለሴቷ ከአፉ እያወጣ የሚያጎርስ ነው፤ ሚስቱ «ሙሽራው» ያለችውም ለዚሁ ነው።

«ወሬ ብቻ!» አለ ሰዓት ሠሪው። «ወፍ ሻጩ ዛሬ መጥቶ ይወስደዋል፤ በሌላ ይለውጥልኛል።»

«ከእሷ ነጥሎ? ሰው ቢሆን እኮ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነው።»

«ሰው ቢሆንማ ጠበቃው አንቺ ነሽ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ያ ከእጄ ወድቆ የተሰበረው እንቁላል ደም ነበረው ብዬህ ነበር።»

«ተበላሽቶ ነው አልኩሽ እኮ!»

ድምፁ ከፍ አለ። የሰው ድምፅ ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ እውቀቱ ባነሰበት ቦታ ነው። ሰሞኑን ሱቁ ውስጥም እንዲሁ ከፍ እያለ ነበር። አምፖሉን ደከመ ብሎ ቀየረ። አጉሊ መነጽሩን ተጫረ ብሎ በአዲስ ለወጠ። «የዘንድሮን ብሎን የሚሠሩት ለጉንዳን ነው» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። እጁ ሥራውን በልምድ ስለሚያውቀው እስካሁን የነቃበት የለም። ሌላ ሙያ የለውም። ዓይኑ ከከዳው ሱቁ መዘጋቱ ነው፤ ይህን ለራሱም ቢሆን ጮክ ብሎ ነግሮት አያውቅም።

«እንግዲህ ወፉ ከመሄዱ በፊት እንቁላሉን አንዴ እኔ ልየው» አለች ሚስቱ። ባትሪውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን መልሱን ሳትጠብቅ መጋረጃውን ሳበችና ወፏ ከምትታቀፍበት ሳጥን አንዱን እንቁላል በሁለት ጣት አንሥታ ብርሃኑ ላይ ያዘችው።

ወዲያና ወዲህ አዟዟረችው።

«ባዶ ነው አይደል?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ... ክር ክር የሚል ቀይ ነገር ሞልቶታል። መሃሉ ላይ ደግሞ ነጥብ አለች። ትመታለች! እይ እንጂ፣ እያት!»

ጎንበስ ብሎ አየ። ያየው እንደ ሁልጊዜው ነው፦ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ የመንገድ መብራት የደበዘዘ ቢጫ። ዓይኑን አሻሸና ደግሞ አየ።

«የታለች?»

ሚስቱ ቀና ብላ ዓይኖቹን አየቻቸው። ከዚያ እንቁላሉን ቀስ ብላ ወደ ሳጥኑ መለሰች። ከጽጌረዳዋ ሥር ስለቀበረቻቸው እንቁላሎች ምንም አላነሣችም። አለማንሣቷ ከስድብ በላይ ቆረጠው።

በሩ ተንኳኳ። ወፍ ሻጩ የወፍ መያዣ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ እየሳቀ ገባ። «የታለ ጥፋተኛው፣ ጋሼ?»

«ምሕረት ተደርጎለታል» አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ።

«እሰይ! እኔም ደስ አላለኝም ነበር።» ሰውዬው ሊወጣ ከዞረ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለውና ከእጁ ላይ ትንሽ ሰዓት ፈታ። «ከመጣሁ አይቀር ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ። ወደ ኋላ ትቀራለች።»

ሰዓት ሠሪው ተቀበላት። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣት፤ ሕመሟን በድምፅዋ ለየው። እጁ በልማድ ወደ ኪሱ፣ ወደ አጉሊ መነጽሩ ሄደ። እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ። ሙሽራው መስኮቱ ሥር ይዘፍናል።

«ሌላ ሰው ያሳዩዋት» አለ ሰዓቷን እየመለሰ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ አይታየኝም።»