የእትዬ ብርሃኔ አፈር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሣራ ለምሳ መጥታ ነበር። ካርልተን የሚባል ሰፈር እየኖረች ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች፤ የምትጽፈው አሳይመንት አላት። «አባዬ፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን መርምራ ማወጅ ሳትጀምር፣ ማን ቅዱስ እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር?» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

የማውቀውን ነገርኳት። ሕዝቡ መቃብሩ ድረስ ይሄዳል፣ ያረፈበትን ቀን በየዓመቱ ያስባል፣ የተፈወሰ ይመሰክራል፤ ኋላ ጳጳሱ ስሙ በቅዳሴ እንዲጠራ ያደርጋል። ደስ ብሏት ጻፈች። እኔ ግን ያልነገርኳት ነገር ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከታናሽ እህቴ ከአልማዝ ጋር ፍሌሚንግተን፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔ ሰንሻይን ዌስት ያለ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ የጠዋት ሺፍት እሠራለሁ። እትዬ ብርሃኔ የሞቱት በሐምሌ ነው። ሐምሌ እዚህ በስደት አገርም ክረምት ነው፣ በዚህ እንኳ ከአገራችን ጋር እንስማማለን። በሱዳን በኩል ተሰዶ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የበላው እሳቸው ቤት ነበር፤ ራሳቸው ግን ቆሎ ቆርጥመው የሚውሉ ሴት ነበሩ። ከአርባቸው በኋላ አንዲት ጎረቤት የመቃብራቸውን አፈር ጉልበቷን ቀብታ ተሻላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን! በጃም ጠርሙስ እየዘገንን ወሰድን። ቄሱን ስንጠይቃቸው፣ «ሕዝብ ይመሰክራል፣ ጊዜ ይፈትናል፤ አትቸኩሉ» አሉን። የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አልማዝ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ኪኒኑ ይዞላት ሁለት ዓመት ሙሉ አልጣላትም። እኔ ግን እምነትና ኪኒን አብሮ አይሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ። አፈሩን በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት፤ ኪኒኑን ወሰድኩባት።

«ብቻዬን ሆኜ ቢጥለኝስ?» አለችኝ።

«እትዬ ብርሃኔ አሉልሽ» አልኳት። አይ ድፍረት!

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ መታጠቢያ ቤት ወድቃ አገኘኋት። ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ለእኔ ያቆየችው ምስር ወጥ ምድጃው ላይ ነበር።

ዕለቱ እትዬ ብርሃኔ ያረፉበት፣ በየወሩ የምናስባቸው ቀን ነበር። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «በቀናቸው ወሰዷት፣ ታድላ» ተባባሉ። የእህቴ ሞት ተአምር ሆነ። ቄሱ ብቻ ጎንበስ ብለው መድኃኒቷን ትወስድ እንደነበር በጆሮዬ ጠየቁኝ። «አዎ፣ አባ» አልኩ። ታሪኩ እስከ ዛሬ በእትዬ ብርሃኔ መታሰቢያ በየዓመቱ ይነገራል፤ እኔም ከሰው ጋር አሜን እላለሁ።

«ያልተፈወሱትስ?» አለች ሣራ፣ ከምትጽፈው ቀና ብላ። «እነሱን የሚጠይቅ ነበር?»

እሷም ስለ አክስቷ የምታውቀው ያንኑ ተአምር ነው። «አልማዝን መድኃኒቷን ያስጣልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

እትዬ ብርሃኔ ቅድስት ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ደግ ነበሩ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሕዝብ ይመሰክራል የተባለውም ልክ ነው። ከሕዝቡ አንዱ ግን እኔ ነበርኩ፤ ተጠየቅኩና ዋሸሁ።