ወራቱ ወደ ጎን ሲዞሩ

አሰጋሽ በ1977 ዓ.ም. ቢቸና የተመደበች ጤና ረዳት ነበረች። የኩፍኝ ሕሙማን ቁጥር ከየገበሬ ማኅበሩ በየወሩ ይደርሳታል፤ እሷም ለእያንዳንዱ ማኅበር ወራቱን ወደ ታች የደረደረ የየራሱን ሰንጠረዥ ትሞላለች።

አንድ ቀን ሁሉንም በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ አገናኘቻቸው፤ ማኅበራቱን በሞጣ መንገድ ቅደም ተከተል ወደ ታች፣ ወራቱን ወደ ጎን አድርጋ። ያኔ በሽታው መንገዱን ይዞ በየወሩ ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው ሲሻገር ታያት።

ወረቀቱን ለኃላፊዋ ለአቶ ሣህለ ማርያም አሳየቻቸው።

«ቁጥሩ እኮ ያው ነው» አሏት።

«አዎ ጋሼ፤ ቀጥሎ የሚደርስበት መንደር ግን አሁን ነው የታየኝ።»

በማግስቱ ክትባቱ በበቅሎ ተጭኖ ወደዚያ መንደር ሄደ። የታመሙት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። አሰጋሽ ግን ሰንጠረዦቹን ሳታገናኝ ያሳለፈቻቸውን ወራት ስታስብ ደስታዋ ሙሉ አልሆነላትም።