የአባቴ በሽታ ሙሉ ስም

ታላቅ ወንድሜ ያንን ቃል ይዞ የመጣ ቀን በጥፊ ላጮለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሐኪሙ እንደ ወጉ ታማሚውን አባቴን ክፍል ውስጥ ትቶ፣ የሚነግረውን ለወንድሜ ኮሪደር ላይ ነገረው። ሽሮ ሜዳ ቤታችን ሲገቡ አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ ምን እንደተባለ ጠየቀ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ «ግሎሜሩሎኔፍራይቲስ» አለው። ያውም ግማሹን ውጦት። ዕድሜውን ሙሉ ድር ሲያደራ የኖረን ሰው በማያውቀው ቃል አፉን አስያዘው።

ወንድሜን ጓሮ ወስጄ አፋጥጬ እውነቱን አወጣጣሁት። የአባቴ ኩላሊት እየደከመ ነው፤ ጨው መተውና ሥራ መቀነስ አለበት። «ለበሽተኛ አይነገርም፤ ተስፋ ይቆርጣል» አለኝ፣ የተማረ ነኝ ባዩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ የደበቅነው ከባለቤቱ ነው። አባቴ ምንም ስላላወቀ የበዓል ትእዛዝ ተቀብሎ ባበጠ እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ ይውላል። ወንድሜን ጠላሁት።

ከቀናት በኋላ ወንድሜ ሥራ ሲሄድ አባቴ ጠራኝና ያንን ቃል ቆራርጬ እንድነግረው አዘዘኝ። ስልኬን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግሎ፣ ሜ፣ ሩ፣ ሎ አልኩ፤ ተከተለኝ። ኔፍ ላይ ተደናቀፈ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ጀመረ። ራይ። ቲስ። ከዚያ ፍቺውን ነገርኩት። የመጀመሪያው ክፍል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ልቃቂት ማለት ነው፤ ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩት ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ስለተጠቀለሉ። መካከሉ በግሪክ ኩላሊት ነው። መጨረሻው ብግነት።

«ልቃቂቱ ነው የተበላሸው?» አለ።

አዎ አልኩት፤ ወንድሜ የደበቀውንም፣ የደበቀበትንም ምክንያት አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ተስፋ አልቆረጠም፤ ተናደደ። የጀመረውን ጥበብ ለጎረቤት ሸማኔ ሰጠ፤ እስከ ቀጠሮው ድረስ ወንድሜን አላናገረውም።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ወንድሜን በዓይኑ ጠቀሰና ወደ በሩ አመራ። አባቴ ቀድሞ ተነሳ።

«አንተ ቁጭ በል» አለው ወንድሜን። «በሽተኛው እኔ ነኝ።»

ሐኪሙን ተከትሎ ወጣ፤ በሩንም ዘጋው። ብዙ ቆዩ። ሲመለስ ወንድሜ ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቀ።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። «አይነገርም፤ ትደነግጣለህ» አለውና ወደ ታክሲው ሄደ።