ዴልማርና የጎረቤቱ ዲሽ

ዴልማር ሃውገን አርባ ዓመት ሙሉ በሰሜን ዳኮታ የስልክ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ቤቱን ሸጠና መኝታውም ማድቤቱም ውስጡ ያለ ትልቅ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ሲመጣ ከሚስቱ ከአርሊስ ጋር እዚህ እኛ ዘንድ፣ እንደ እሱ በመኪና ቤት የምንኖር ሰዎች በሰፈርንበት ኳርትዝሳይት በሚባል በረሃ ላይ ነው።

እዚህ ኢንተርኔት የሚመጣው ከሰማይ ነው፤ የእጅ ስልክም አይሠራም። የዴልማር ዲሽ ባለሦስት እግር ብረት ላይ ቆሞ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ከውሃ ጀሪካን ጋር ታስሮ ወደ ደቡብ ያያል። ሳተላይቷን ለማግኘት ኮምፓስ ይዞ ጣት ታህል ወደ ግራ፣ ፀጉር ታህል ወደ ላይ ማለት ያስፈልጋል። ይህን እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። የግማሹን ሰፈር ዲሽ ያስተካከለው እሱ ነው፣ የእኔንም ጭምር። ስናመሰግነው አንገቱን ይደፋል፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ይጠጣል።

በጥር ወር ሎዌል ቲበትስ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ከኦሃዮ መጣ። የእሱ ዲሽ መኪናው ጣሪያ ላይ ተኝቷል። አንዲት ቁልፍ ሲጫን ራሱ ተነሥቶ፣ ራሱ ዞሮ ሳተላይቷን ያገኛታል። ሰፈሩ ተሰብስቦ አጨበጨበ። ዴልማር ብቻ እጁን ኪሱ እንደከተተ፣ "የልጅ መጫወቻ!" አለ።

ከዚያ በኋላ ኮምፓሱን የፈለገ የለም። ይባስ ብሎ አርሊስ ራሷ የልጅ ልጇን ፎቶ ለማየት ከሰዓት ከሰዓት ሎዌል ዘንድ መሄድ ጀመረች።

"የኛ ምን ሆነና?" አላት።

"የኛማ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንተ ውጭ ከዲሹ ጋር ስትሟገት ፀሐይ ትጠልቃለች። ሎዌል ጋ ቁጭ ከማለቴ ፎቶው ይመጣል። ደሞ ሰውዬው ያስቀኛል።"

ያቺ "ያስቀኛል" ናት የገደለችው። ሳቋ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል፤ እሱ ጥርሱን ይነክሳል።

አንድ ጠዋት ሎዌል ፍሳሹን ሊደፋና ውሃ ሊቀዳ መኪናውን ይዞ ከተማ ሄደ። ዴልማር የራሱን አስነሥቶ ሎዌል የነበረበት ቦታ ላይ ገተረው።

ሎዌል ሲመለስ፣ "የኔ ቦታ ጎድጉዶ አስቸገረኝ" አለው ዴልማር። "አንተ እዚያ ትልቁ ዛፍ ሥር ቁም። መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ጥላም አለው።"

"ጎረቤት ማለት እንዳንተ ነው" አለ ሎዌል፤ ከዛፉ በስተሰሜን ቆመ። ቁልፉን ተጫነ። ዲሹ ተነሣ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ፣ ተኛ። ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። ዴልማር በመስኮት እያየ ቁርሱ ጣፈጠው። አርሊስ ዛፉን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች።

በሦስተኛው ቀን ሎዌል መሰላል ተሸክሞ መጣ።

"ያዝልኝማ ዴልማር። ሞተሩ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ልፈታው ነው። ልጄ ዛሬ ነገ ትወልዳለች፤ ወንድሟ የሚጽፍልኝ በዚህ ነው።"

ሰውዬው ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። አራተኛው እርከን ላይ ሲደርስ መሰላሉ ተንገዳገደ።

"ውረድ!" ብሎ ጮኸ ዴልማር።

"ምነው?"

"አልተበላሸም። ዛፉ ጋርዶት ነው። እዚህ ቁም ያልኩህ አውቄ ነው።"

ሎዌል ቀስ ብሎ ወረደ። "ምን አደረግሁህ?"

"ምንም። ሚስቴ አንተ ጋ ትስቃለች።"

ሎዌል መኪናውን አስነሥቶ ሰፈሩ ዳር ሄዶ ቆመ። ዴልማር ሲገባ አርሊስ ድንች ትልጣለች።

"መቼም ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር" አለችው። "ግን ሦስት ቀን ፈጀብህ።"

በማግስቱ ሕፃኗ ተወለደች። ሎዌል በሩን ከፈተ፤ ሰፈሩ በተራ እየገባ ፎቶዋን አየ። ዴልማር መጨረሻ ላይ መጥቶ ደረጃው ሥር ቆመ።

ሎዌል ከውስጥ አየው። "ግባ እንጂ ሰውዬ፣ ዝንብ አታስገባብኝ።"

ገባ፣ አየ፣ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጨበጠው። ወደ ቤቱ ሲመለስ አርሊስ፣ "እንዴት ነች?" አለችው።

"ሕፃኗ ታምራለች" አለ። ጫማውን እያወለቀ ጨመረ፣ "ዲሹ ግን ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል።"