የጥሩአየሁ የብረት በቅሎ

ቢቸና ውስጥ የጥሩአየሁን ግቢ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። አጥሯ ላይ የተሰበረ ፔዳል፣ ያለቀ ማረሻ፣ ክዳኑ የጠፋ ማንቆርቆሪያ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ለቆራሌ እንኳ አይሆንም ብሎ የጣለውን እሷ አንሥታ፣ በከሰል አግላ፣ ቀጥቅጣ፣ በሽቦ አጋጥማ ወይ አሞራ ወይ ፍየል ታደርገዋለች። ማን አስተማራት? ማንም። ጉንደ ወይን አካባቢ ልጅ ሳለች ጭቃ እያድቦለቦለች ከብት ትሠራ ነበር። እኩዮቿ ሲያድጉ ተዉት፤ እሷ አልተወችም።

ጣጣው የመጣው ጭቃው ወደ ብረት ሲለወጥ ነው። በአገሩ ብረት አግሎ የሚመታ ሰው ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻውን ከቀጥቃጭ ገዝቶ፣ አርሶበት፣ ጠግቦ በልቶ ሲያበቃ ሠሪውን የሚሸሽ ሰው መቼም ጉድ ነው! ጎረቤቶቿ ፊት ለፊት "እጅሽ ይባረክ" ይሏታል፤ ዞር ስትል የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑባታል። ጥሩአየሁ ይህን ታውቃለች፤ ለራሷም ግድ አልነበራትም። ግድ የሆነባት ለልጇ ለጸደንያ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን የሰማች ቀን ነው።

ጸደንያ ሞጣ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያው ሐብታሙ ከሚባል መምህር ጋር ተዋደዱ። ልጁ ወርቅ የሆነ ልጅ ነው። ዘመዶቹ ግን የመርጡለ ማርያም ሰዎች፣ ዘር ማንዘር ሳይቆጥሩ በሬ እንኳ የማይገዙ ናቸው። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ጠዋት ጸደንያ እናቷን ጓሮ ወሰደቻት።

"እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ብረቱን እኔ ነኝ የምሠራው እንዳትዪ።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ አይደለም። በኪዳነ ምሕረት በይ።"

"በኪዳነ ምሕረት። ሆድ ይፍጀው፤ አንቺ ብቻ ተዳሪልኝ።"

አሞራዎቹና ፍየሎቹ አልጋ ሥር ገቡ። በቅሎዋ ግን የት ትግባ? ቁመቷ የእውነተኛ በቅሎ ያህል ነው። ጎድኗ ካለቁ ማረሻዎች፣ አንገቷ ከብስክሌት ሰንሰለት፣ ጆሮዎቿ ከሁለት ጭልፋ የተሠሩ ናቸው። ጥሩአየሁ ከሠራችው ሁሉ እሷን ትወዳለች፤ ማታ ማታ ደህና እደሪ ትላታለች እየተባለም ይወራል። በበር ስለማታልፍ ባሏ ደምለው ሸራ አለበሳትና ጭድ ደርቦባት የጭድ ክምር አስመሰላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። በዕድሜም በአፍም መሪያቸው የሐብታሙ አጎት አያ ፋንታ ነበሩ። ደምለው "ግቡ፣ አረፍ በሉ" ቢል፣ እንደ ወጉ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ግቢው መሀል ቆሙ። አያ ፋንታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ንግግር ግን ማሳጠር አያውቁም። ከአዳምና ሔዋን ጀመሩ። ኖኅ ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ክርናቸውን ጭዱ ላይ ደገፍ አደረጉ።

ክምሩ ኳ ብሎ ጮኸ።

ሸራው ተንሸራተተ፤ ሁለት የጭልፋ ጆሮዎች ብቅ አሉ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ አያ ፋንታ።

"በቅሎ ነው፣ አያ። የብረት" አለ ደምለው።

"የማን እጅ ነው?"

ደምለው ሚስቱን አየ። ጥሩአየሁ መሬት መሬት ታያለች።

"የአንድ ቀጥቃጭ" አለ ደምለው። "አደራ ብሎ ጥሎብን ጠፋ።"

አያ ፋንታ ክርናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "እንግዲህ ደምለው፣ ልጆቹ ተዋደዋል፤ እኛም አልጠላናችሁም። ሙሽራ በሚገባበት ግቢ ግን የቀጥቃጭ እጅ ያረፈበት ነገር አይቆምም። ሰባብረህ አውጣው። ያኔ እንቀመጣለን፤ ቀጠሮም አያሻንም፣ ነገሩን ዛሬውኑ እንጨርሳለን።"

ደምለው መጥረቢያውን አመጣ። ጥሩአየሁን ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያትም። በመጀመሪያው ምት አንዱ ማረሻ ከበቅሎዋ ጎድን ተነቅሎ ጥሩአየሁ እግር ሥር ወደቀ። ጥሩአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ትሰበር፣ አለች በሆዷ፣ ብረት ነው፤ ብረት እንደገና ይሠራል። በሁለተኛው ምት ሰንሰለቱ ተፈታና የበቅሎዋ ጭንቅላት ተንጠለጠለ።

"መቼም እጅስ ነበረው ሰውዬው" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እያዘነ። "ነፍስ መዝራት ብቻ ነው የቀረው።"

ጥሩአየሁ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም። የተመሰገነው ግን ሌላ ሰው፣ ያውም የሌለ ሰው ነው። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ቃሏን በኪዳነ ምሕረት ሰጥታለችና ምላሷን እስኪደማ ትነክሳለች እንጂ አትናገርም።

ደምለው መጥረቢያውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ የቤቱ በር ተበረገደ። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ብቅ ማለት የማይገባት ጸደንያ በባዶ እግሯ ወጣች።

"አባዬ፣ ተው! ቀጥቃጭ የሚባል የለም። የሠራቻት እማዬ ናት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። አያ ፋንታ ወደ ጥሩአየሁ ዞሩ።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አያ። እኔ ነኝ።"

አያ ፋንታ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሳይቀመጡም ሳይቀጥሩም ሦስቱም ወጥተው ሄዱ።

ጥሩአየሁ ልጇን ሁለት ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም።

"ምን አደረግሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ? ችዬው ነበር እኮ! በቅሎ ሌላ እሠራ ነበር!"

"እኔም ሌላ አገባለኋ" አለች ጸደንያ።

ለመሳቅ ሞከረች። ያን ጊዜ እጇ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ሐብታሙ ነበር፤ ሞጣ ሆኖ የምሥራቹን ይጠብቃል።