ሃያ ሰባት ቁጥር ማለት

ድሬ ዳዋ፣ ጆንያ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። የመቁረጫ ማሽናችንን ቢላ የሚያዘው አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ችግር ሲገጥመው ቀይ መብራት ያበራና ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል። አሥራ ሁለት ካለ ጆንያ ተሰንቅሯል፤ ሽፋኑን ከፍቶ ማውጣትና ሪሴት የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው። ሃያ ሰባት ካለ ግን ቢላው ቦታውን ስቷል። ያኔ ሪሴት ከተነካ ቦታውን ፍለጋ እስከ ታች ይወርዳል፤ እጅ ወደዚያ አይጠጋም።

ከየቁጥሩ ጎን ጽሑፍ የሚቀመጥበት አርባ ፊደል የሚይዝ ቦታ ነበር። ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ሳይሞሉት ሄዱ፤ እኔም አልሞላሁትም። ትርጉሙ የኔ ኪስ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ቁጥር ሲወጣ ስልኬ ይጮኻል፤ ከምኖርበት ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስደርስ ሁሉም መንገድ ይለቅልኛል። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ አርብ ከሰዓት፣ እረፍቴ ስለነበር ከጓደኞቼ ጋር ጫት ይዘን በርጫ ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። የመቁረጫው ኦፕሬተር ናት፤ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት። «ትንሽ ይጠብቁ» ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ሦስት ጊዜ ደወለች።

እሷ ጠብቃ ጠብቃ፣ አለቃው አናቷ ላይ ሲቆምባት የምታውቀውን አደረገች። እንደ አሥራ ሁለቱ መስሏት ሽፋኑን ከፍታ አንድ እጇን አስገባች፣ በሌላው ሪሴት ተጫነች። ቢላው የቀለበት ጣቷን ጫፍ ወሰደው።

በኋላ ፋብሪካው ስደርስ ሐኪም ቤት ወስደዋታል። ስክሪኑ ላይ ሃያ ሰባት እንደበራ ነው። አፈርኩ፤ ደብተሬን ከኪሴ ማውጣት እንኳን ከበደኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በማግስቱ ላፕቶፕ ይዤ ጽሑፎቹን መሙላት ጀመርኩ። ማሽኑ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ስለሚያውቅ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሃያ ሰባትን ግን ባዶ ተውኩት። እሷን ሳልጠይቅ መጻፍ አልሆነልኝም።

ከወር በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ጠየቅኳት።

«አቦ፣ እንግሊዝኛህን ተወው» አለችኝ። «እዚህ ማሽን ላይ ያለነው ሁላችንም ኦሮምኛ በዚያው ፊደል እናነባለን። ‹ሃርካ ሂን ገልቺን› በል፤ እጅህን አታስገባ ማለት ነው። ይበቃል።»

እንዳለችው ጻፍኩ፣ በኬብል ጫንኩት፣ ለሙከራ ሃያ ሰባትን አስነሳሁ። ቀዩ መብራት በራ፤ ከቁጥሩ ጎን የሷ ቃል ወጣ። ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ አነበበችው።

«ይሄ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ሩብ ሰዓት።»

«መጻፊያው ቦታ ከድሮም ነበረ?»

«ነበረ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጓንቷን አጠለቀች፤ የአንዱ ጣት ጫፍ ባዶ ሆኖ ታጠፈ።

«እሺ፣ ዞር በልልኝ» አለች። «ልሥራበት።»